እግረ መንገድህን ነው እኮ

በዓለም ላይ ያለ መንደር ሁሉ እምቢ የማይባል አንድ ሰው አለው። ሹሙን እምቢ ይሉታል። ሐኪሙን እምቢ ይሉታል። ሚስቱንም ቢሆን፣ ልቡ የደነደነና እናቱ ቤት ትርፍ አልጋ ያለው ወንድ በዓመት አንዴ እምቢ ይላታል። ያንን አንድ ሰው ግን እምቢ ያለ ገና አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ ይኼኔ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት እየወጣ ነው።

የእኛ የካንዳሞዎቹ ክብርት ናንግ ቲካይ ናቸው። ናንግ በደሴታችን እትዬ እንደማለት ነው። ክብርትነታቸው ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ቁመታቸው ከደረቴ አያልፍም፤ ክብደታቸው ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ያንሳል። ሹመት የላቸውም። የጸሎት ቤቱ አሠሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ይሁኑ ብንላቸው፣ «ስብሰባ ላይ የተነሳ ድንጋይ አይቼ አላውቅም» ብለው ወንበሩን ገፉት። ወንበሩ እኔ ላይ ወደቀ። ሁለት ዓመት ሰበሰብኩ፤ እውነትም አንድ ድንጋይ አልተነሳም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የመጣው አውሎ ነፋስ የጸሎት ቤታችንን ጣሪያ ገንጥሎ ሩዝ ማሳ ውስጥ ጣለው፤ ግድግዳውንም አንበረከከው። የጠባቂያችንን የቅዱስ ሮኬን ሐውልት ከፍርስራሹ ስናወጣ ቅዱሱ ጭረት አልነካውም፤ እግሩ ሥር ያለው ውሻ ብቻ ጭራውን አጥቷል። ለጊዜው ብለን ከኮረብታው ማዶ ላሉት ለባሂሳዎች አደራ ሰጠነው። ባሂሳዎች አዲስ ካባ ሰፉለት። ለውሻውም ጭራ ቀጠሉለት፤ ቀለሙ ከውሻው ጋር ዘመድም አይደል። ቆየት ብለው ደግሞ «የእኛ ቅዱስ» ማለት አመጡ። በነሐሴ በዓሉ ሲደርስ፣ የገዛ ቅዱሳችንን ለመሳለም ሰው አገር ወርደን፣ የባሂሳን የአሳማ ጥብስ በልተን፣ ይባስ ብሎ ይጣፍጣል ማለት ነበረብን። ይጣፍጥ ነበር። ያናደደንም እሱ ነው።

ዘንድሮ ጥር ላይ ቄሳችን ፓድሬ ፕሩዴንስዮ ቁርጡን ነገሩን። «ለበዓሉ ጣሪያ ከደረሰ ቅዱሱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ካልደረሰ እዚያው ባሂሳ ይጽና። ቅዱስ እንደ ሻንጣ በአደራ ሲቀመጥ አይኖርም።»

እኔ ስብሰባ ጠራሁ። ናንግ ቲካይ ሄደው ድልድዩ ላይ ተቀመጡ።

ድልድያችን አንድ ነው። ወደ ባሕር የሚወርደው፣ ገበያ የሚሄደው፣ ከእርሻ የሚመለሰው ሁሉ በእሱ ያልፋል። ክብርትነታቸው ከወንዙ በወጣ የድንጋይ ክምር አጠገብ በርጩማቸውን አስቀምጠው የሚያልፈውን ሁሉ በስሙ ይጠሩታል። «ና እስቲ። ይቺን ድንጋይ እላይ ጸሎት ቤቱ ጋ አድርስልኝ። እግረ መንገድህን ነው እኮ!»

«ናንግ፣ እኔ እኮ ወደ ታች ነው የምወርደው» ያላቸው ነበር።

«ታዲያ ይዘሃት ውረድ። ስትመለስ ታመጣታለህ። እስከዚያ ትላመዳላችሁ።»

ምረጡኝ ሊል የመጣ አንድ ፖለቲከኛ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጥርሱን አሳይቶ እጁን ቢዘረጋላቸው ድንጋይ አስቀመጡበት። ፎቶ አንሺው አነሳው። ሰውዬው ካሜራ ፊት ሊጥላት ስላልቻለ ዳገቱን ሙሉ እንደሳቀ ወጣ። ዶሮ ሊከትብ የመጣው ሠራተኛ «የመንግሥት ሰው ስለሆንክ» ተብሎ ሁለት ተሸከመ። ሙሽሮች ሲያልፉ ሙሽራው አንድ ትልቅ ታቀፈ፤ ለሙሽራዋ ቀሚሷ እንዳይቆሽሽ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለች ትንሽዬ ተሰጣት። የአንድ ሽማግሌ ቀብር ዕለት ሸኚው በሙሉ አንዳንድ ይዞ ነው የወጣው። ይቅር የተባሉት ሟቹ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም እጃቸው ተጣምሮ ስለነበር ነው የሚሉ አሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ናንግ ቲካይ ግን ሃምሳ ሰው ካገኙ ለእያንዳንዱ ሃምሳ ሎሚ የሚያሸክሙ ሴት ናቸው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ፣ በአገሬው አጠራር ማይስትሮ ነኝ፤ በሳምንት አንድ ቀን ለክፍለ ሀገሩ ጋዜጣ እጽፋለሁ። ከብዕር የከበደ ነገር ማንሳት ልማዴ አይደለም። ስለዚህ ድልድዩን ሸሸሁ። አንድ ቀን ጭቃ እስከ ጉልበቴ እየዋጠኝ በሩዝ ማሳ ዞርኩ። ሌላ ቀን በጀልባ በባሕሩ በኩል ተሻገርኩ። ከጀልባዋ ስወርድ አሸዋው ላይ በርጩማ ተቀምጧል። በርጩማው ላይ ማን እንደነበረ መናገር አያስፈልገኝም።

«ናንግ፣ ወገቤን…» አልኩ።

«ወገብህን ማን ጠየቀህ፣ ማይስትሮ? ድንጋይ የሚያዘው በእጅ ነው።»

«ሐኪም ከልክሎኛል።»

«የትኛው ሐኪም? ትናንት ሁለት ድንጋይ የወሰደው?»

በመጨረሻ ራሩልኝና ተቀምጬ የምሠራው ሥራ ሰጡኝ፤ ከፍርስራሹ የተለቀመ ጎባጣ ሚስማር በመዶሻ ማቃናት። ሦስት ጣሳ ሙሉ ነው። ሥራውስ ባልከፋ። የከፋው ሚስማሩን የሚቀበለኝ ሰው ነበር።

ሳቱር የመንደራችን አናጢ ነው፤ የሴት ልጄም የክርስትና አባት። አበ ልጆች ነን፤ ዘጠኝ ዓመት ግን ቃል አልተለዋወጥንም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳቱር በዕድሜው ትልቁን ጀልባ ሠርቶ፣ የመንደሩን የሙዚቃ ጓድ አሳፍሮ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ወደ ባሕር ሲለቀው ጀልባው ሃያ ክንድ ያህል ሄደና ቀጥ ብሎ ሰመጠ። ውሃው ጥልቅ ስላልነበረ የተጎዳ የለም። እኔ ግን ጻፍኩት። «ጥልቅ ሙዚቃ» የሚል ርዕስም ሰጠሁት። ደሴቱ በሙሉ ሳቀ። ሳቱር ከዚያ ወዲህ ጀልባ አልሠራም። ልጄ ስትዳር ስጦታውን በሰው ልኮ ራሱ ቀረ፤ እሷም ከመቀመጫዋ ሆና አሥር ጊዜ ወደ በሩ ስታይ አየኋት። ይቅርታ ልጠይቀው ስንት ጊዜ ደጁ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ብዕሬ ደፋር ነው፤ እኔ አይደለሁም።

ናንግ ቲካይ እንግዲህ እዚህ ሰው አጠገብ ነው ያስቀመጡኝ። ሳቱር ሳያየኝ እጁን ይዘረጋል፤ ሚስማር አኖርበታለሁ። ስንት እንደፈለገ በጣቱ ያሳየኛል። ክብርትነታቸው ባጠገባችን ሲያልፉ «ሁለት ዲዳ አንድ ላይ ማን አስቀመጠ?» ይላሉ፤ ራሳቸው እንዳላስቀመጡን።

ምሳ ሰዓት ግን ከሰው ርቆ መቀመጥ አይቻልም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ማንጎው ጥላ ሥር የሙዝ ቅጠል ይነጠፋል፤ ቅጠሉ ላይ ሩዝ ይከመራል፤ የተጠበሰ ዓሣ፣ ጥሬ ማንጎ በጨው፣ ያገኘው ሰው ያመጣው ሁሉ ይደረደራል። የላይ ሰፈር ገበሬዎችና የታች ሰፈር ዓሣ አጥማጆች ዕድሜ ልካችንን በአንድ መንደር ኖረን፣ ማን ዘፋኝ እንደሆነ፣ ማን በርበሬ እንደማይችል ያወቅነው እዚያ ጥላ ሥር ነው። የኮኮናት ጠጁ የሚዞረው በአንድ ብርጭቆ ነበር። ብርጭቆው አንድ ስለሆነ ሳቱር ጠጥቶ ለእኔ ማቀበል ግድ ሆነበት። ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ እጁን ዘረጋልኝ። ተቀበልኩት። ያን ብርጭቆ ቶሎ መመለስ አልፈለግኩም።

ሐምሌ ሲያልቅ ግድግዳው ቆመ። ሳቱር ሰባት ግዙፍ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን የጣሪያ እንጨቶች መሬት ላይ ገጣጥሞ ጨረሰ። የቀረው ግድግዳው ላይ ማውጣትና ማቆም ነው። በዓሉ ማክሰኞ ነበር፤ ቆርቆሮውን ለመምታት ሁለት ቀን ስለሚፈጅ እንጨቶቹ የግድ ቅዳሜ መነሳት አለባቸው።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሰርዲን መጣ።

ሰርዲን ሲመጣ ባሕሩ ብር ይመስላል፤ ለሁለት ቀን፣ ቢበዛ ለሦስት። ያን ጊዜ ያላጠመደ ዓመቱን ምን ይበላል? ጉልበት ያለው ወንድ በሙሉ ጀልባውን ገፍቶ ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት ግንባታው ቦታ ላይ የተገኘነው አሥራ አንድ ሴቶች፣ አራት ሽማግሌዎች፣ ሳቱርና እኔ ነን። ሳቱር ቆጠረን። እንደገና ቆጠረን። ከዚያ ቱንቢውን ኪሱ ውስጥ ከተተና ተቀመጠ።

«ናንግ ቲካይ፣ ለአንዱ ብቻ ሠላሳ ሰው ያስፈልጋል። አለቀልን» አለ።

እኔን የባሂሳ የአሳማ ጥብስ ሸተተኝ።

ናንግ ቲካይ ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩ። «ማይስትሮ፣ ተነስ። የተማረ ሰው ይዞ መሄድ ደግ ነው።»

«ወዴት?»

«ሰው ወዳለበት።»

ቅዳሜ ቅዳሜ በባሂሳ ሰው ያለበት ቦታ አንድ ነው፤ የአውራ ዶሮ ፍልሚያው ሜዳ። ገና ኮረብታው ጫፍ ስንደርስ ጩኸታቸው ተሰማ። ናንግ ቲካይ ሕዝቡን በክርናቸው እየከፈሉ ገብተው ሜዳው መሃል ቆሙ፤ የሚዋጉት ዶሮዎች እንኳ ገለል አሉላቸው። የባሂሳው ሹም ካፒታን ሂልዶ ቀይ አውራ ዶሮውን ታቅፎ ተራውን ይጠብቃል።

«ናንግ ቲካይ! ምን እግር ጣለዎት?»

«ሰው ፈልጌ ነው። ጣሪያ ልናነሳ ነው።»

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። «ጣሪያው ሲነሳ እኮ ቅዱሱን ልትወስዱብን ነው» አለ ሂልዶ።

«አዎ።»

«እና እኛው ጣሪያችሁን አንስተን፣ እኛው ቅዱሱን እናስረክባችሁ?»

«እሱን ማን ጠየቀህ? እግረ መንገዳችሁን ነው እኮ።»

«ወዴት ስንሄድ ነው እግረ መንገዳችን የሚሆነው?»

«ወደ እኛ ቤት።»

አሁን የሳቀው ግማሹ ብቻ ነው። ናንግ ቲካይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እኔ በሕይወቴ ዝቅ ሲያደርጉ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። «ሂልዶ፣ ሦስት ዓመት ጠብቃችሁልናል። ካባ ሰፍታችሁለታል፤ አበባ ሳታጓድሉበት ኖራችኋል። አመሰግናለሁ ያላችሁ የእኛ ሰው የለም፤ ኩራታችን አልፈቀደም። እኔ አመሰግናለሁ። ግን ቤቱ ሲገባ ካላያችሁት፣ ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቃችሁት ለምን ነበር?»

ካፒታን ሂልዶ ቀይ ዶሮውን አየ። መሬቱን አየ። ከዚያ ዶሮውን ለአጠገቡ ሰው ሰጠና «ያዝልኝ» አለ። ሰውዬው «ለማን ልስጠው? እኔም እየመጣሁ ነው» አለው።

አርባ ሦስት ወንድ ኮረብታውን ወረደ። ከባሂሳ ወደ ግንባታው የሚወስደው መንገድ ድልድዩን አይነካም። ናንግ ቲካይ ግን «በድልድዩ ዞረን እንሂድ» አሉ። ዞርን። ለምን እንደሆነ ሁላችንም ገባን። የባሂሳ ሹም ሁለት ድንጋይ ታቅፎ ካንዳሞ ሲገባ ሽማግሌዎቻችን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ሳቱር ሰዉን ሲያይ ከተቀመጠበት ተስፈነጠረ። ግድግዳው ላይ ወጥቶ ከላይ ያዝ፣ ልቀቅ እያለ ሊመራን ሆነ። ግማሹ በረጅም ቀርከሃ ከሥር ይገፋል፤ ግማሹ ከፊት በገመድ ይስባል፤ ከኋላ ደግሞ እንጨቱ ወደ ፊት እንዳይደፋ ገትሮ የሚይዝ ሌላ ገመድ አለ። የእሱን ጫፍ ናንግ ቲካይ ለእኔ ሰጡኝ። ገመዱ በኮኮናት ጉቶ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል። «ሥራው የጉቶው ነው፤ አንተ አጫውተው» አሉኝ።

የመጀመሪያው ሲቆም ሴቶቹ እልል አሉ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው ተከተሉ። አምስተኛው ግማሽ ላይ ሲደርስ ዝናቡ ወረደ፤ እንደ እኛ አገር ዝናብ፣ በባልዲ። የቀርከሃዎቹ ጫፍ መንሸራተት ጀመረ። ያ ሁሉ እንጨት ድንገት ወደ ፊት ዘመመ፤ በዘመመበት በኩል ግድግዳው ላይ፣ ሳቱር ቆሟል። የረጠበው ገመድ ከጉቶው ላይ እየሾለከ በመዳፌ መካከል ነደደ።

«አበ ልጄ! ያዝ!»

ከላይ የመጣ ድምፅ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያልሰማሁት ስም።

ገመዱን ወገቤ ላይ ጠመጠምኩና ጭቃው ውስጥ ቁጭ አልኩ። እግሮቼን ጉቶው ላይ ተከልኩ። «ይዣለሁ፣ አበ ልጄ! ይዣለሁ!» እያልኩ ጮኽኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ወደ ፊት እየተጎተትኩ ነበር። ያኔ ካፒታን ሂልዶ ከኋላ መጥቶ በሙሉ ክብደቱ ላዬ ላይ ወደቀ። ሌላው በእሱ ላይ፣ ሌላው በዚያ ላይ። ባሂሳ በሙሉ ላዬ ላይ ተኛ። ገመዱ ቆመ። እንጨቱም ቆመ። ሳቱር ከግድግዳው ጫፍ እየተሳበ ደርሶ ሚስማሩን ሲመታ እያንዳንዱ ምት ጀርባዬ ውስጥ ተሰማኝ፤ ከዚያ በላይ ደስ ያለኝ ድምፅ ትዝ አይለኝም።

ወርዶ መጣ። እኔን ከሰዎቹ ሥር ጎትተው ሲያወጡኝ እፊቴ ቆሞ ነበር፤ ዝናቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። የተላጠ መዳፌን ገልብጦ አየው።

«ሳቱር፣ ያን ጽሑፍ…» አልኩ። «ይቅርታ። መጻፍ አልነበረብኝም። ደጅህ ድረስ እየመጣሁ እመለስ ነበር።»

«አውቃለሁ። በመስኮት አይህ ነበር።» መዳፌን ለቀቀ። ከዚያ «አንድ ነገር ረስተሃል» አለ።

«ምን?»

«ጥሩምባ ነፊው መንፋቱን አላቆመም። ውሃው አፉ ድረስ መጥቶ እንኳ ይነፋ ነበር። እሱን አልጻፍከውም።» አገጩ ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሳቁን ነው የያዘው። ከዚያ መያዝ አቃተው፤ እኔም አቃተኝ፤ ጭቃው ውስጥ ተደጋግፈን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

«ወሬውን በኋላ!» አሉ ናንግ ቲካይ ከወዲያ። «ሁለት ቀርቷል!»

ሁለቱንም አቆምናቸው። ማታ ጀልባዎቹ ሰርዲን ሞልተው ሲመለሱ፣ ወንዶቹ ከባሕሩ ላይ ሆነው የጣሪያውን አጥንት ሰማይ ላይ አዩት፤ ጩኸታቸው ከእነሱ ቀድሞ ደረሰ። ባሂሳዎቹን እያንዳንዳቸውን አንድ ቅርጫት ዓሣ አሸከሟቸው። በሁለት ቀን ውስጥ ቆርቆሮው ተመታ።

ማክሰኞ ቅዱስ ሮኬ በአርባ ሦስቱ ትከሻ ኮረብታውን ወጣ። ወሰኑ ላይ ሲደርሱ፣ ሊያስረክቡን ቆሙ። የባሂሳ ሴቶች ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ናንግ ቲካይ ተቆጡ። «ምን ቆማችሁ ታለቅሳላችሁ? ግቡ እንጂ!» ገቡ። ፊት ለፊት ያሉትን አግዳሚዎች በሙሉ ያዙ፤ እኛ ካንዳሞዎች በገዛ ጸሎት ቤታችን ቆመን አስቀደስን። ፓድሬ ፕሩዴንስዮ ሦስት ጊዜ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ስብከታቸውን ሳቱ። አዲሱን የውሻ ጭራ አንነካውም ተባባልን። ልጄ ከባሏ ጋር ከከተማ መጥታ የክርስትና አባቷን እጅ ስትስም፣ እኔ ጣሪያውን በጥሞና መመርመር ግድ ሆነብኝ።

በኋላ ናንግ ቲካይን ለብቻቸው አግኝቼ ጠየቅኳቸው። «እኔንና ሳቱርን አንድ ላይ ያስቀመጡን ሆን ብለው ነው አይደል?»

«ሰው ጎድሎኝ ነው» አሉኝና ሄዱ።

በዚያ በዓል ገበታ ላይ ነው ካፒታን ሂልዶ እያፈረ፣ የባሂሳ የደወል ማማ መሠረቱ ተሰንጥቆ ማዘንበሉን ያወራው። በቀጣዩ ቅዳሜ አፍርሰው መልሰው መሥራት ሊጀምሩ እንደሆነና ሰው እንደሚያንሳቸው ተናገረ። ናንግ ቲካይ ገበታውን በዓይናቸው ዞሩት። እኔ ወገቤን አስታመምኩ፤ ለጋዜጣዬ የምጽፈው እንዳለብኝም ለራሴ ነገርኩት።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ብቻዬን እሆናለሁ ብዬ ኮረብታውን ወጣሁ። ሳቱር ጫፉ ላይ የገመድ ጥቅል ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ይጠብቀኛል። ባሂሳ ስንገባ የታች ሰፈር ዓሣ አጥማጆች ደርሰው አሸዋ ከሲሚንቶ እያቦኩ ነው። ገበሬዎቹ መጥተዋል። ሽማግሌዎቹ መጥተዋል። ሙሽሮቹ እንኳ መጥተዋል።

ክብርት ናንግ ቲካይ አንድ ሰዓት ላይ ደረሱ። ዱላቸውን ይዘዋል፤ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል፤ በየቤቱ አንኳኩተው ሰው አጥተው ስለመጡ ለቁጣ ተዘጋጅተዋል። ማማው ሥር ቆመው አንድ በአንድ አዩን። አፋቸውን ከፈቱ። የሚጠሩት ሰው አልነበረም። አፋቸውን መልሰው ዘጉ።

የካፒታን ሂልዶ ሚስት ክንዳቸውን ይዛ ግንድ ላይ አስቀመጠቻቸውና በኮኮናት ቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ሩዝ ከዓሣ ጋር ሰጠቻቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ናንግ ቲካይ ቁርሳቸውን ሲበሉ ያየ ሰው አልነበረም። ቅጠሉን ቀስ ብለው ፈቱት። ዙሪያቸውን መዶሻ ሲመታ፣ ሰው ሲጠራራ፣ ሲሳሳቅ፣ እሳቸው ተቀምጠው፣ ሳይቸኩሉ፣ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በሉ።